«ይማርዎ» ያለው ስልክ

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ቡሬ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። እስከ ዛሬ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን ስለሚያስቀኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

ያኔ ቢሮአችን በኢንተርኔት የሚሠሩ ስልኮች ገብተውለት ነበር። እኔ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳልጨርስ አልተውም፤ ከስልኮቹ ጋር የመጣውን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከፋብሪካ የመጣው የይለፍ ቃል ካልተቀየረ፣ ሌላ ሰው ሩቅ ቦታ ሆኖ ስልኩን ሊከፍትና በክፍሉ የሚወራውን ሊያዳምጥ ይችላል ይላል። የኛዎቹ አንዳቸውም አልተቀየረላቸውም።

ለኃላፊያችን ለአቶ ይስማው ነገርኳቸው።

«ምን ይሰሙናል ብለሽ ነው? ስለ በቆሎ ዋጋ ስናወራ?» ብለው ሳቁ።

የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ትርንጎማ ባሰች። ማንበብ ስለምወድና ስህተት ስለማላሳልፍ «የኔታ» ነበር የምትለኝ። «ይልቅ የኔታ፣ ለስልኩ የንስሐ አባት ያዢለት» አለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን አቶ ይስማው ቢሮ በር ዘግተን የጸሐፊ ቅጥር ፈተና እናወጣ ነበር። ፈተናው በማግስቱ ነው። ተፈታኞቹ ከየገጠሩ ገብተዋል፤ ከፈረስ ቤት ከተማ ድረስ የመጡም አሉ። እኔ ራሴ ከትዳር በኋላ በማታ ተምሬ፣ እንዲህ ባለ ፈተና ነው የተቀጠርኩት። ያኔ ጥያቄው አስቀድሞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ዘመድ የሌላትን እኔን ማን ያስገባኝ ነበር? ስለዚህ መስኮቱን ሳይቀር ዘጋሁና ጥያቄዎቹን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብላቸው ጀመር።

የመጨረሻው ላይ ስደርስ አቶ ይስማው በኃይል አስነጠሱ።

«ይማርዎ!» አለ ስልኩ።

«ያኑርህ» አሉ አቶ ይስማው፣ ከልማድ።

ከዚያ ሦስታችንም ወደ ስልኩ ዞርን። ስልኩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርቷል። ትርንጎ «በስመ አብ!» ብላ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

አቶ ይስማው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «ማነህ አንተ?»

ስልኩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት።

«ይማርዎ ያልከው ማነህ? ያኑርህ ብዬሃለሁ እኮ!»

«እኔ ነኝ ጋሼ... ሙሉቀን» አለ የፈራ ድምፅ። «ፍኖተ ሰላም ዋናው ቢሮ ያለሁት የኮምፒውተር ባለሙያ። የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ስልኮችን ከዚህ ሆኜ እየፈተሽኩ ነበር። ገና መክፈቴ ነው፤ ልዘጋው ስል አስነጠሱ። አዛውንት አስነጥሰው እንዴት ዝም ይባላል?»

«ማነው አዛውንት?» አሉ ጋሼ ይስማው።

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት። እኔ ግን ጥያቄው ወጥቶ እንዳይሆን ሰግቼ ጠየቅኩት፦ «ካንተ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?»

«ኧረ በምን አውቄ እትዬ! ሌላው እንደኔ ይማርዎ አይል።»

ይቺ በቃችን። ጥያቄዎቹን ቀዳደድናቸው። ሙሉቀን እየመራኝ የስልኮቹን የይለፍ ቃል እዚያው ቀየርኩ። ጋሼ «የኔን ስም አድርጊው» አሉ።

«ማንም የሚገምተው አይሆንም፣ ጋሼ።»

«እሺ የኔታ» አሉኝ፤ ከሳቸው አፍ የመጀመሪያው ነበር።

አዲሱን ፈተና ለማውጣት ግን ማናችንም ያን ክፍል አላመንነውም። ወንበራችንን ተሸክመን ከግቢው ጥግ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ነፋሱ ወረቀቱን ሲበትንብን ትርንጎ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች ትለቅማለች። መሐል ላይ ጋሼ ደግመው አስነጠሱ። ሦስታችንም ቀና ብለን ዛፉን አየነው! ከዚያ በኋላ ሥራው በሳቅ ነው ያለቀው፤ እኔ እንባዬ እስኪፈስ ሳቅሁ።

ፈተናው በሰዓቱ፣ በአዲሶቹ ጥያቄዎች ተሰጠ። ያለፈችውን ልጅ ከዚያ በፊት ከመካከላችን ማንም አያውቃትም ነበር።

አቶ ይስማው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ ስልኩ አጠገብ ቆመው የውሸት ያስነጥሱ ነበር። ጠብቀው፣ መልስ ሲያጡ «ደህና ነን» ብለው ኮታቸውን ያወልቃሉ።

እኔም ዛሬ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ሲያስነጥሰኝ ዓይኔ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ዝም ይላል። በደንብ እንደዘጋሁት አውቄ ደስ ይለኛል። ትንሽ ቆይቶ ግን ቅር ይለኝና፣ ለራሴ «ይማርሽ» እላለሁ።