የታላቅ ተራ

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። በማኅሌት ማን በቀኝ፣ ማን በግራ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም። ቤታችንም በዚያው ሥርዓት ነው ያደገው። በዓል ሲሆን፣ ገበታ ከመቅረቡ በፊት፣ እኔና እህቴ ጉልበታቸውን ስመን እንመረቃለን፤ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሷ። ታላቅ ስለሆንኩ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም። እሷ በመልክም፣ በጨዋታም፣ በትምህርትም ትበልጠኛለች። በዚህች አንዲት ነገር ግን እኔ እቀድማለሁ፤ ለእኔም ይበቃኝ ነበር።

እህቴ ዶክተር በሆነች ዓመት፣ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ አባቴ መደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡና "እስቲ ዶክተሯ ትቅደም" አሉ። እኔ ተነስቼ ነበር። ጎንበስም ብዬ ነበር። ጎንበስ ካሉ በኋላ ዝም ብሎ ቀና ማለት ያሳፍራልና ከወለሉ ላይ ቄጠማ አንስቼ ማስተካከል ጀመርኩ። እናቴ "ተይው፣ ጥሩ ተጎዝጉዟል" አለችኝ። እህቴ ተንበረከከች፣ ተመረቀች፤ እኔ ቄጠማዬን ይዤ ተራዬን ጠበቅኩ።

ላቦራቶሪን ማንም አልጫነብኝም፤ የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰን የትምህርት ክፍል ስንመርጥ ውጤቴ ሕክምናም ያስገባኝ ነበር። ጓደኞቼ ሕክምና ሕክምና ሲሉ እኔ ሜዲካል ላቦራቶሪ አልኩ። ለቤተሰቤ "ሕክምና ረጅም ነው፣ ቶሎ ሥራ ይዤ ታናሼን ላግዝ" ብዬ ነገርኳቸው። ውሸት አይደለም፤ ሙሉው ግን አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን የኩሬ ውኃ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ በተራ ሲያሳየን እኔ ዓይኔን አልነቅል ብዬ ከኋላዬ ያሉት ሲያጉረመርሙ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቤ እዚያ ነበር። እህቴ ላይ መናደድ ሲያምረኝ ግን ኩሬውን እተውና "ላንቺ ብዬ ነው የቀረሁት" የሚለውን አወጣለሁ። በሆዴ ነው እንጂ በአፌ ብዬው አላውቅም።

ያኔ አባቴ "ታዲያ ስትጨርሺ ምን ትባያለሽ?" ብለው ጠየቁኝ። "የላቦራቶሪ ባለሙያ" አልኳቸው። ከፊቱ የሚጨመር ማዕረግ ካለ ብለው ትንሽ ጠበቁ። አልነበረም።

እህቴ ሕክምና ስትገባ ነገሩ ሌላ ሆነ። ገና የመጀመሪያ ዓመቷን ሳትጨርስ አርብ ገበያ ላይ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ "ዶክተር፣ ነይ እስቲ ይቺን ጉልበቴን እያት" ይሏት ጀመር። ጉልበት እስክትማር ዓመታት ይቀሯት ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ ተመርቄ እዚያው ከተማችን ሆስፒታል ሥራ ይዣለሁ፤ ሐጂ ሲያዩኝ በፍቅር "አንቺ የሽንትና የሰገራዋ ነሽ አይደል?" ይሉኛል። ነኝ እላቸዋለሁ። ምን እላለሁ?

ሥራዬን ግን አውቀዋለሁ፤ ማንም አዝሎ አላሻገረኝም። ዕድሜ ልኩን ሞፈር የጨበጠ ክንድ ላይ ደም ሥር ማግኘት ቀላል አይደለም። ዓይን ሳይሆን ጣት ነው የሚያገኘው። "ደሜን ወስዳችሁ ምን ልታደርጉት ነው?" ለሚል ገበሬ ሳይቆጡ ማስረዳትም አለ፤ ያንን ዩኒቨርሲቲ አልተማርኩትም። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ደግሞ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ የደም ስላይድ በማይክሮስኮፕ ቶሎ አይቼ "ምንም የለውም" ስለው መልሶ አስቀመጠኝ። "አለ ለማለት አንድ ካገኘሽ ይበቃሻል። የለም ልትዪኝ ከሆነ ግን ሙሉውን አይተሽ ነይ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው የምሠራው።

እህቴ ዶክተር በሆነችበት በዚያው ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ አባቴ ታመሙ። ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ያልባቸዋል፣ ይተዋቸውና ደግሞ ይመጣባቸዋል። የእኛ ከተማ ሰው ትኩሳት ሲያይ ታይፎይድ ማለት ይወዳል፤ እኔም ሰለቸኝ መሰለኝ አብሬ ታይፎይድ ነው አልኩ። እህቴ ከምትሠራበት ከደብረ ታቦር ፈቃድ ወስዳ መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች።

"አባባ፣ ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር እንዴ?"

"ለተማሪዬ ተዝካር ስማዳ ቆላ ወርጄ ሰንብቼ የለም? እሷ ታውቃለች" አሉ በአገጫቸው ወደ እኔ እያመለከቱ።

አውቃለሁ። ስንቃቸውን የቋጠርኩላቸው እኔ ነኝ። ወደ ዓባይ ወርዶ ትንኝ የነከሰው ሰው ሲያንቀጠቅጠው ምን እንደሚጠረጠር የላቦራቶሪ ባለሙያ ይጠፋዋል? አንዲት ጥያቄ ነበረች፣ እሷን ለመጠየቅ ከደብረ ታቦር ሰው መምጣት ነበረበት። ቀናሁባት።

"ወባ ይመስለኛል እትዬ። ደማቸውን እዪልኝ" አለችኝ።

ሆስፒታል ወሰድናቸው። ደማቸውን ስቀዳ "ወጋሽኝ?" ብለው ጠየቁ፤ ጨርሼ ነበር። ደሙን ስላይድ ላይ አድርጌ፣ ቀለም አጠጥቼ፣ እስኪደርቅ ጠበቅኩና ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጥኩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና እህቴ እንድትሳሳት ፈለግኩ። አባቴ እንዲድኑ እፈልጋለሁ፣ ግን ከሌላ በሽታ።

ማየት ጀመርኩ። የለም። ቀጠልኩ፣ የለም። ደስ አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በረጅሙ እተነፍስና ትከሻዬን አፍታታ ነበር፤ ያን ዕለት ቀና አላልኩም። ለእሷ የማቀርበው "የለም" ማንም ጣቱን የማያስገባበት እንዲሆን ነው የፈለግኩት። "ምናልባት በደንብ አላየሽው ይሆናል" እንድትለኝ አልፈልግም። ስለዚህ ጥጉን ሳይቀር ፈተሽኩት። ለማንም በሽተኛ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላየሁም፤ በቅናት እንደዚያ እንደሚሠራም አላውቅም ነበር።

ስላይዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ቀይ የደም ሴል ውስጥ ቀጭን ቀለበት አየሁ። አልፌያት ሄድኩና ተመለስኩ። አለች። የሥራ ባልደረባዬን ጠርቼ "እስቲ እይልኝ" አልኩት፤ ቆሻሻ ነው ይለኝ ይሆናል ብዬ። ጎንበስ ብሎ አየና "ወባ ነው" አለኝ።

እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። "አለ" አልኳት። "እንዳልኩት ነው" ብትለኝ እንኳ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን እጄን ይዛ "እኔ ብሆን አላገኘውም ነበር፣ ቶሎ ነው የምተወው" አለች። ደግነቷም አናደደኝ። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ ለመጠላት አይመችም?

አባቴ መድኃኒቱን ወስደው ዳኑ። ጎረቤት ሁሉ "ዶክተሯ አዳነቻቸው" አለ። እሳቸውም ሊጠይቅ ለሚመጣ ሁሉ "ገና ከበር ስትገባ አወቀችው" እያሉ አወሩ። እንግዳውን የማስተናግደው እኔ ነበርኩና ወሬውን በየቀኑ ሰማሁት።

የገና በዓል ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። አባቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ዶክተሯ ትምጣ" አሉ። እኔ በዚህኛው በዓል ብልህ ሆኜ አልተነሳሁም። እህቴም አልተነሳችም።

"ታላቄ ሳትመረቅ አልመረቅም፣ አባባ።"

አባቴ ዜማ እንደሳተ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እውነትሽን ነው። ሥርዓት አፈረስኩ" አሉና ወደ እኔ እጃቸውን ዘረጉ። እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ እህቴን እያየች። እኔ ብጠይቀው ቅናት ይባል የነበረው ነገር እሷ ስትጠይቀው ጨዋነት ሆነ። ተራዬን እንኳ ያስመለሰችልኝ እሷ ናት። በዚህም ቀናሁባት።

ተንበረከክኩ። እጃቸው ራሴ ላይ አረፈ። "እጅሽ አይሳት። ዓይንሽ አይድከም። የተሰወረውን ይግለጥልሽ" አሉኝ። እንደዚህ ብለው መርቀውኝ አያውቁም። "አሜን" ማለት ረሳሁ፤ እህቴ ከኋላዬ አለችልኝ።

ከዚያ እሷ ተንበረከከች። እኔ ወደ ቦታዬ አልሄድኩም። የእሷ ምርቃት ከእኔ ይረዝም እንደሆነ አጠገባቸው ቆሜ አዳመጥኩ።

ትንሽ ረዘመ።