«ሰውየውን» ያልኩ ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቅም። የነፍስ አባቴ ፊት ስንበረከክ ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ እዘላታለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ በየጾሙ። ዛሬ ግን አንተ የማላውቅህ አንባቢ ፊት ላስቀምጣት ነው። ፊትህን ስለማላይ ይቀለኝ ይሆናል። እኔ የአንድ ወጣት ጉልበት አሰብሬያለሁ። በእግሬ አይደለም፣ በአፌ ነው።

ደረጀ እባላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ በታችኛው ዲቪዚዮን ተከላካይ ነበርኩ። ጆሃንስበርግ ከመጣሁ በኋላ ጀፕ በሚባለው የሐበሾች የገበያ ሰፈር ብርድ ልብስ እየሸጥኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችንን ኳስ አሠለጥን ነበር። በዚያው አንድ የከተማው ክለብ በትርፍ ጊዜዬ ተጫዋች መልማይ አድርጎ ያዘኝ። ሥራዬ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን አይቶ መጻፍ ነው፤ ይህ ለፕሮፌሽናል ይሆናል፣ ይህ አይሆንም እያልኩ። ኮሮና መጥቶ ሜዳው ሁሉ ለተመልካች ሲዘጋ የኔ ወረቀት ከበደ። አሠልጣኞቹ እንደ ድሮው መጥተው ማየት አይችሉም። እኔ የጻፍኩትንና በስልኬ የቀረጽኩትን አይተው ይፈርሙ ነበር። አንድ ሰው እንዲህ ያለ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባ ነበር? ለኔስ?

ናሆም የሚባል የክንፍ ተጫዋች ነበር። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ እዚሁ አድጎ አካውንቲንግ የሚማር፣ እናቱ ወይዘሮ ጽጌ ከሆሳዕና መጥታ ጀፕ ውስጥ የካልሲና የውስጥ ልብስ ሱቅ ያላት። ስለ እሱ ልጽፍ የሚገባኝን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ኳስ ከመቀበሉ በፊት ትከሻው ላይ አሻግሮ ያያል። ተከላካዩ ዞሮ እስኪያየው ከጀርባው አልፏል። ከላይ የመጣ ኳስ እግሩ ላይ ሲያርፍ አይነጥርም። ግራ እግሩ ደከም ይላል፤ ይህን ግን በራሱ ያውቃል፣ ማልዶ በግራው ብቻ ግድግዳ ሲመታ አይቼዋለሁ። በዚያ ሥራ ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

የመልማዮቹ አለቃ ቪክተር ግን ቪዲዮውን አይቶ ሳቀ። ቆንጆ ነው፣ ግን ያገርህ ልጅ ስለሆነ ነው የወደድከው አለኝ። የእናንተ ልጆች ሯጮች ናቸው፣ ሲነኳቸው ይተኛሉ አለ። ሲመታ ምን እንደሚያደርግ አሳየኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን አለኝ። በዚያው አፉ ለክለቡ አንድ ቋሚ መልማይ ሊቀጥሩ እንዳሰቡ ጣል አደረገልኝ።

እንዴት ያለ ውርደት እንደተሰማኝ ልነግርህ አልችልም። ግን ውርደቱን ለቪክተር አልመለስኩለትም። ለናሆም አስቀመጥኩለት።

ዱርንፎንቴን የሚባል ሰፈር ውስጥ በግንብ የታጠረች ሰው ሠራሽ ሳር ሜዳ አለች። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ናሆምን ጨምሮ አሥራ አራት ተጫዋቾች ሰብስቤ በሁለት ቡድን ከፈልኳቸው። በር ላይ ሙቀታቸው ተለካ፣ ማስካቸውን አውልቀው ገቡ። ከግንቡ ውጭ ማንም የለም። ከናሆም ተጋጣሚ ቡድን ታቦ የሚባል፣ ክሊፕታውን ከሚባል ሰፈር የመጣ ተከላካይ ነበር፤ እሱም ለዚያው ክለብ የሚሞከር። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ልጅ ነው። ወደ ዳር ጠርቼው፣ ዛሬ ያንን የክንፍ ተጫዋች ጠንከር አድርገህ እንድትይዘው እፈልጋለሁ፣ ያንተም ወረቀት በኔ እጅ ነው አልኩት።

ታቦ ትንሽ አሰበና «ኳሱን ነው ወይስ ሰውየውን?» አለኝ።

«ሰውየውን» አልኩት።

ይህችን ቃል እኔ ነኝ ያልኳት። ማንም አላስገደደኝም።

በመጀመሪያው ምት ታቦ በትከሻው የናሆምን ደረት አገኘው። ናሆም ሁለት ሜትር ያህል ተንሸራቶ ወደቀ፤ ክርኑ ተልጦ ሳሩ ላይ ደም ቀረ። ተነሣ፣ ኳሱን ራሱ አምጥቶ ቅጣት ምቱን መታ። በሁለተኛው ክርን ነው። አፉ ላይ አረፈበት። በጉልበቱ ተንበርክኮ ደም ተፋ፤ ጥርሱን በምላሱ ሲፈልግ አየሁት። ሮጬ ስሄድ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ።

«ሻርፕ ነኝ ጋሼ፣ ደህና ነኝ፣ እንቀጥል» አለኝ።

ተመልከት እንግዲህ። ፈተናው እዚያ ላይ አልቋል። ቪክተር የጠየቀው መልስ አግኝቷል፤ ልጁ አይተኛም፣ አይሸሽም፣ ተመልሶ ያንኑ ክንፍ ይዞ ይቆማል። ስልኬ ሁሉንም ቀርጾታል። ለምን አላቆምኩም? ለዓመታት ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ለቪክተር ይበልጥ ላሳምነው ነው እያልኩ ራሴን ዋሽቻለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ እንዲህ ሲመቱኝ አልተነሣሁም። እሱ ደም እየተፋ ሲስቅልኝ አንድ ነገር ውስጤ ተቆጣ። እንዳይነሣ ፈለግኩ። ደስ ብሎኛል ብል አልዋሸሁም፤ ድብደባውን ማየት ደስ እያለኝ ነበር።

ታቦ ከሩቅ አየኝና በቃ በሚል ራሱን ነቀነቀ። እኔ አንድ ጣቴን አነሣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ማለቴ ነው።

በሦስተኛው ናሆም ቆሞ፣ አንድ እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሳለ ታቦ በሁለት እግሩ ከጎን ገባበት። የፕላስቲክ ሳጥን ሲረገጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ጉልበቱ ወደማይታጠፍበት ታጠፈ። ናሆም መጀመሪያ አልጮኸም። እግሩን አየው፤ ከዚያ ጮኸ። ታቦ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሜዳው ላይ ተቀመጠና አስመለሰው። እኔ ግን ምን አደረግኩ? መጀመሪያ ስልኬን አጠፋሁ።

በመኪናዬ ሆስፒታል አደረስኩት። ግቢው በድንኳንና በሚያስል ሰው ተሞልቷል። ወንበር ላይ ሰባት ሰዓት ያህል ቆየ። ወይዘሮ ጽጌ ስትመጣ አላስገቧትም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ጠበቀችኝ። ምን ሆነብኝ ስትለኝ፣ ማንም አልነካውም፣ እግሩ ሳሩ ውስጥ ተይዞ በራሱ ወደቀ አልኳት። እጄን ልትጨብጥ ዘረጋችና ኮሮናውን አስታውሳ መለሰችው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። አንተ ባትኖርለት ማን ያነሣልኝ ነበር?»

ናሆም ውስጥ የሕመም ማስታገሻ ተወግቶ ተቀምጦ ስለነበር የተናገርኩትን አልሰማም። በኋላም ያስታወሰው ከጎን የመጣ ነገር እንደመታው ብቻ ነው፤ ማን እንደሆነ አላየም፣ እሱም የጨዋታ ግጭት ነው ብሎ ተወው። ሌሎቹም ተጫዋቾች በየሰፈራቸው ተበተኑ፤ የጨዋታ ግጭት መስሏቸው የጠየቀኝ አልነበረም። አልጋው ሁሉ በኮሮና ሕሙማን ተይዞ ስለነበር ቀዶ ሕክምናው ወራት ዘገየ። ሲደረግለት ጉልበቱ በተጣመመበት ደርቆ ነበር። ዛሬም አጥፎ መቀመጥ አይችልም።

ያን ሳምንት ሪፖርቱን ጻፍኩ። ናሆም፦ ፈጣን ነው፣ ግን የቆየ የጉልበት ጉዳት ደብቆናል፣ አይመከርም። ታቦ፦ ብርቱና የማይፈራ፣ ይፈረም። ከቪዲዮው ላይ ሦስቱንም ምቶች ቆርጬ ጣልኩ። ቪክተር፣ ለወገንህ እንደማታዳላ አሁን አየሁ አለኝና ቋሚ ሥራውን ሰጠኝ። በደስታ ተቀበልኩት። ሚስቴ ኬክ ገዛችልኝ፣ በላሁ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ታቦ ደወለልኝ። ፈርሞ እየተጫወተ ነበር፤ ግን ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣለትም። አብረን ሄደን ለናሆም እንንገረው አለኝ። ኮንትራትህን ታጣለህ ብዬ አስፈራራሁት። የፈራሁት ለራሴ ነበር። እሱ ግን አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ብቻውን ጀፕ መጣ።

እኔ ከወይዘሮ ጽጌ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ምሳ እየበላሁ ነበር። ታቦ ሱቁ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ያለውን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ጉልበትህን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ አውቄ ነው የመታሁህ፣ ቦታውን ፈልጌ ነበር ብሎታል። ስሜን አልጠራም።  ናሆም ከዘራውን ይዞ ሳይነሣ ሱቁ ውስጥ የነበሩት የአጎቱ ልጆች ታቦ ላይ ተነሡ። ጎትተው አወጡት። አንደኛው ከላይ የተሰቀለ ልብስ የሚያወርዱበትን ብረት ይዞ ነበር። በእሱ ፊቱን መቱት። ሲወድቅ ጎኑን ረገጡት፣ ራሱን በእጁ ሲሸፍን ጣቶቹን መቱት። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ዕቃውን እያነሣ ሸሸ። ናሆም በከዘራው እየተጎተተ ወጥቶ «ተዉት! ተዉት አልኳችሁ!» እያለ ይጮኻል። የሚሰማው የለም።

ታቦ መሬት ላይ እንዳለ ቀና ሲል በረንዳው ላይ አየኝ። አንድ ዓይኑ በደም ተሸፍኗል። በሌላው አየኝ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት ብል ብረቱ እዚያው ይቆም ነበር። አፌን ከፈትኩ እንኳ። ከዚያ ዘጋሁት። ወደ ውስጥ ገባሁ፣ በጓዳው ደረጃ ወረድኩ፣ ስወጣ እንደ ደንቡ በር ላይ እጄን በሳኒታይዘር አሸሁ።

ታቦ ግራ ዓይኑ ጠፋ። ኳስም በዚያው ቀረ። ለፖሊስ የመቱኝን ሰዎች አላውቃቸውም ብሎ ቃሉን ሰጠ። የናሆም የአጎት ልጆች ዛሬም የወንድማችንን ደም መለስን ብለው ያምናሉ። ለኔ ቢራ ሲጋብዙኝ ይህንኑ አጫውተውኛል።

ክሊፕታውን ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ውጭ ወንበር ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት። ብርቱካን ይዤ ነበር።

«ነገርካቸው?» አለኝ።

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ ወንበሩን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ብርቱካኑን መሬት ላይ አስቀምጬ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ወይዘሮ ጽጌ ሱቅ ድረስ ሄጃለሁ። አራቱንም ጊዜ ካልሲ ገዝቼ ተመልሻለሁ። እሷ ልጄን ያነሣህልኝ እያለች ገንዘቤን አልቀበልም ትላለች። ናሆም ከጀርባዋ ሆኖ ሒሳብ ይሠራል፣ እግሩን ሌላ ወንበር ላይ ዘርግቶ። እኔ ቆሜ ስለ አየሩ አወራለሁ።

ለምን አልነገርኩም? ለክብሬ ነው? ለልጆቼ ነው? አይደለም። የምፈራው ያንን ብረት ነው። እዚያው ከግድግዳው ጋር ተደግፎ አየዋለሁ። ታቦ ፊቱን የሰጠው እኔ ለምፈራው ነገር ነው።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጠይቅህም። አንተን አልበደልኩህም፤ የበደልኳቸውን ደግሞ ይቅር በሉኝ ለማለት መጀመሪያ ሊያውቁ ይገባል። ወጣት ነበርኩ እንዳልል አርባ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራ ነው እንዳልል ሥራው የተጠናቀቀው በሁለተኛው ምት ነው። ይህን የምጽፈው ይህን ያነበበ ሁሉ እንዲያውቀኝ፣ ከእንግዲህም ካልሲ ገዝቼ መመለስ እንዳልችል ነው። ጽፌ ስጨርስ አንዱን ቅጂ ለወይዘሮ ጽጌ በእጇ እሰጣታለሁ። ናሆም አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም፤ እሷ ጮክ ብላ ታነብለታለች። እሷ ስታነብ እኔ እዚያው እቆማለሁ።