ፕላስቲኩ የታለ?

ይመኙሻልን ያወቅኋት በሰደበችኝ ቀን ነው። ስድቡ ይገባኝ ነበር፤ እንዲያውም ሲያንሰኝ ነው። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታ ጠይቄ የደረሰብኝን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። የምጽፈው ስለተናደድኩ ነው፤ መጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ ቢጫ ቲሸርት ለብሰው አብረውኝ በሄዱት ሠላሳ ስምንት ሰዎች።

ይመኙሻል ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አባቷ መሪጌታ ወልደተንሣኤ ከሚያገለግሉበት ደብር ግርጌ ተወልዳ አደገች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና አላለፈችም። በዚያ ዓመት ከትምህርት ቤቷ ያለፈ አንድም ተማሪ ስላልነበረ ማንም ለብቻዋ አላዘነላትም፤ እሷም በማዘን ጊዜ አላጠፋችም። ችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ሆና ገባች። ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የችግኝ አፈላል መመሪያ አላት። ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች፤ የተሳሳተበትን ቦታም በእርሳስ አርማዋለች።

ካረመቻቸው ቦታዎች አንዱ ስለ ወይራ የሚያወራው ነው። መመሪያው ፍሬውን ከዛፉ ላይ ልቀሙ ይላል። እሷ ሁለት ክረምት ከዛፉ ለቅማ ዘርታ ከመቶው አምስት እንኳ አልበቀለላትም። በኋላ ግን ደብሩ ቅጥር ውስጥ፣ ወፎች በሚያድሩበት ዛፍ ሥር፣ ማንም ያልዘራው ወይራ ብቅ ብሎ አየች። ነገሩ ያኔ ገባት። ወፍ በልቶ፣ ሆዱ ውስጥ አለስልሶ የጣለው ፍሬ ነው ቶሎ የሚበቅለው። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ዛፉ ሥር ጎንበስ ብላ የወፍ ኩስ ትለቅም ጀመር። ኩሱን በወንፊት ታጥባለች፣ ፍሬውን ትለያለች፣ መደብ ላይ ትዘራለች። ሰፈሩ «ኩስ ለቃሚ» የሚል ስም አወጣላት። መሪጌታም ሲቀልዱ «እኔ ቅኔ ስቆጥር ኖርኩ፣ ልጄ ኩስ ትቆጥራለች» ይሉ ነበር።

እንዲህ አድርጋ ያፈላችው ወይራ ሦስት መቶ አርባ ነበር። የተፈላው ከቤታቸው በላይ ላለው የተራቆተ ቁልቁለት ነው። የሰፈሩ ምንጭ የሚወጣው ከዚያ ቁልቁለት ሥር ነው። ድሮ ዓመቱን ሙሉ ይፈስ ነበር ይላሉ፤ አሁን ጥር ላይ ይደርቅና እናቶች ጄሪካን ተሸክመው አንድ ሰዓት ወርደው ሁለት ሰዓት ይወጣሉ። ችግኙ የጣቢያው ነውና ያለ ተከላ ዘመቻ አይወጣም። አምና ሊተከል ሲል መንገዱ በተኩስ ተዘጋ፣ ዘመቻም ቀረ። ይመኙሻል እያንዳንዱን ችግኝ ወደ ትልቅ የፕላስቲክ ከረጢት አዛውራ ሌላ አንድ ዓመት ውሃ አጠጣችው። በጠቅላላው ሦስት ዓመት መሆኑ ነው።

ዘንድሮ እኛ መጣን።

«ገጽና ጉዞ» እንባላለን። የደብረ ብርሃን ወጣቶች የንባብና የጉዞ ማኅበር ነን፤ በወር አንድ መጽሐፍ እናነባለን፣ በወር አንድ ተራራ እንወጣለን። መጽሐፉን ሳይጨርስ የሚመጣ ሞልቷል፤ ፎቶውን ሳይለጥፍ የሚያድር ግን የለም። አምና ለተፈናቃዮች መጠለያ መጻሕፍት ይዘን ሄደን ነበር፤ ከሰጠነው መጽሐፍ የተነሳነው ፎቶ ይበልጣል። ሰብሳቢያችን ሰይፈሥላሴ አፉ ቅቤ የሆነ የባንክ ሠራተኛ ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ምህረቱ፣ የአማርኛ መምህር፣ ስለ ተፈጥሮ ጥሩ ይጽፋል የሚባልልኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በአንድ አውቶቡስና በአንድ ሚኒባስ ወረድን። ጉሙ ከመወፈሩ የተነሳ ቁልቁለቱ አይታይም። ሰይፈሥላሴ በድምፅ ማጉያ ሃያ ደቂቃ ንግግር አደረገ። ከዚያ ለይመኙሻል «አንድ ደቂቃ» ተሰጣት። ምላጭ አውጥታ አንድ ችግኝ አነሳች።

«ወገኖቼ፣ ከመትከላችሁ በፊት ፕላስቲኩን እንዲህ ከላይ እስከ ታች ቅደዱት። አፈሩ እንዳይፈርስ በመዳፋችሁ ደግፉት። ካልቀደዳችሁት ሥሩ መሄጃ ያጣል። ክረምቱን የዳነ ይመስላል፣ በጋ ሲገባ ይሞታል…»

ሳትጨርስ ሰይፈሥላሴ «ዝናቡ ሳይቀድመን እንጀምር!» አለ፣ ሙዚቃውም ተለቀቀ። ከኋላ የነበሩት አልሰሟትም። እኔ ግን ሰምቻለሁ። ፊት ለፊቷ ነበር የቆምኩት።

ምላጭ አልያዝኩም። ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘዋል። የመጀመሪያውን በጥርሴ ልቀደው ሞክሬ አፈር ጎረስኩ። እናም ከነፕላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። «ይበሰብስ የለ» አልኩ በልቤ። ፕላስቲክ አራት መቶ ዓመት እንደማይበሰብስ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ! እንዲህ አድርጌ አሥራ አንድ ወይራ ተከልኩ። አፈሩን በእጄ አስተካከልኩ፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደረደርኩ። የእኔ ረድፍ ከሁሉም ያምር ነበር። ረድፌ አጠገብ ተንበርክኬ ፎቶ ተነሳሁ።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አዳራሽ ገባን። ቆሎና የታሸገ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ፕሮግራሙ «የወጣቶች ዕይታ፦ ተፈጥሮ፣ መጽሐፍ፣ ጉዞና ዘመናዊነት» ይላል። የመጀመሪያው አንባቢ እኔ ነበርኩ።

«ዛፍ ይቅር ባይ ነው። ስንቆርጠው ያቆጠቁጥልናል፣ ስንረሳው ቆሞ ይጠብቀናል። የዘመኑ ሰው ከስልኩ ቀና ብሎ ዛፍን ማንበብ አለበት…»

ያነበብኩት ከስልኬ ላይ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ደጅ ድረስ ይሰማል። ጭብጨባው ሳያባራ በሩ ተከፈተና ይመኙሻል ጆንያ ይዛ ገባች። ነጠላዋን አገልድማለች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ናት። ጆንያውን ቆሎው ላይ ዘረገፈችው። የተቀዳደደ፣ ጭቃ የለበሰ ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

«ሦስት መቶ አርባ ችግኝ ተከልን ብላችሁ ፈርማችኋል። የተቀደደው ፕላስቲክ ይኸው፣ ሜዳውን ዞሬ ለቅሜ ቆጥሬዋለሁ፣ አርባ ሦስት ነው» አለች። «የቀረው የታለ?»

ቆሎ የሚያኝኩት ማኘካቸውን አቆሙ።

«የታለ ነው የምላችሁ! በላችሁት?»

ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አንተ! ዛፍ ይቅር ባዩ! ፊት ለፊቴ ቆመህ ዓይን ዓይኔን ታየኝ አልነበር? እነሱስ አልሰሙም እንበል፣ አንተ ሰምተሃል። ሰምተህ ነው ከነከረጢቱ የቀበርከው። እናንተ ዛፍ አትወዱም፣ ዛፍ ትወዳላችሁ መባልን ነው የምትወዱት። ይህን ሁሉ መጽሐፍ አንብባችሁ ከዓይናችሁ አልፎ እጃችሁ አልደረሰም። ደነዝ!»

ሰይፈሥላሴ ፈገግ እንዳለ ተነሳ። «እህታችን ይህን የተናገረችው ለተፈጥሮ ካላት ጥልቅ ፍቅር ነው። እስቲ ሞቅ አድርገን እናጨብጭብላት!»

አጨበጨብንላት። ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል። ሰው ተሰድቦ ያጨበጭባል? እኔ አጨበጨብኩ። እሷ አንዳችንንም ሳታይ ፕላስቲኳን ወደ ጆንያው መልሳ ወጣች። እኛ ደግሞ ከአሥር ሰዓት በኋላ መንገዱ አያስተማምንም ተባለና ተሳፈርን። ገና ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው አንድ ሰዓት ቢቆይ ሁሉንም አውጥቶ መልሶ ይተክለው ነበር። እንቆይ ያለ ግን የለም። ማታ ጽሑፌን ለጠፍኩት፤ ስድስት መቶ ሰው ወደደው።

በስድስተኛው ቀን ሰይፈሥላሴ በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ «አንዲት የጣቢያው ሠራተኛ የተከልናቸውን ችግኞች ስትነቅል እጅ ከፍንጅ ተያዘች፤ ከሥራም ተባራለች» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «የተፈጥሮ ጠላት»፣ «ትታሰር»፣ «ምቀኛ» የሚል ወረደ። ምን ስታደርግ እንደነበረ አውቄዋለሁ። እያወጣች፣ ፕላስቲኩን እየቀደደች፣ እየመለሰች ነበር። ስልኬን አንስቼ እውነቱን ጻፍኩ፣ አነበብኩት፣ አጠፋሁት። ጅል እንዳልባል ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ልሄድ ልሄድ እያልኩ ክረምቱ ወጣ። መንገድ ተዘግቷል እያልኩ ነበር። መንገዱ የተዘጋው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ሄድኩ። መሪጌታ ወልደተንሣኤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ማን መሆኔን ነገርኳቸው።

«ላይ ቁልቁለቱ ላይ ናት» አሉ። «ተጠንቀቅ ልጄ፣ ዛሬም አልበረደላትም።»

ቁልቁለቱን ስወጣ ወይራዎቹን አየሁ። በአራት ቀን ለብቻዋ ከፕላስቲክ አላቅቃ የመለሰቻቸው ናቸው፤ የሞተ አለ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ይዟል፣ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። እሷ አንዱ ሥር ተቀምጣ አፈር ታለሰልሳለች። ስታየኝ አልተነሳችም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ።

«ይመኙሻል፣ ያን ጊዜ…»

«ያን ጊዜ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ስደርስ ያዙኝ። የተተከለ ችግኝ መንቀል ወንጀል ነው አሉኝ። ሪፖርቱ አልፏል አሉኝ። ለሦስት ዓመት ዘበኛ አቁሙልኝ ብዬ ስለምን የለም ሲሉኝ የኖሩት ሰዎች፣ ከእኔ እንዲጠብቀው ዘበኛ ቀጠሩለት። ዘበኛው ሲሄድ ዝናቡም አብሮ ሄደ።» በእጇ ወደ ታች አመለከተች። «የመጨረሻው ረድፍ ያውልህ። ድንጋዩን ማን እንደደረደረው ታውቀዋለህ።»

ድንጋዮቹ እንዳስቀመጥኳቸው አሉ። መካከላቸው አሥራ አንድ ደረቅ ጭራሮ ቆሟል። አንዱን ይዤ ስስበው ያለ ምንም ትግል ወጣ። ጥቁሩ ፕላስቲክ እንደ አዲስ ነው። ውስጡ ሥሩ መውጫ ፍለጋ ዞሮ ዞሮ፣ ተጠምጥሞ ደርቋል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? ዛፍ ይቅር ባይ ነው ብለህ የለ? እነሱን ጠይቃቸው።» መጥታ ከአጠገቤ ቆመች። «ያን ጽሑፍህን ስልክህ ላይ አለህ አይደል? አንብብላቸው።»

የምትቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም። ስልኬን አወጣሁ። «ዛፍ ይቅር ባይ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አፌ እምቢ አለኝ።

ጠበቀችኝ። እንደማልቀጥል ሲገባት ጆንያዋን እግሬ ሥር ወረወረችው።

«ፕላስቲኩን ልቀም» አለች። «አሥራ አንድ ነው። እቆጥረዋለሁ።»