ከሠላሳ በላይ ያሉት ገጾች

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ጠዋት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ በሰቆጣ መናኸሪያ የተሸከምኩበትን ገመድ ትከሻዬ ላይ እንዳደረግሁ ገባሁ። ወገቤ እምቢ ብሎኝ ነበር። የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዝማም ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«ማንበብ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እስቲ በሩ ላይ ያለውን።»

በጣቴ እየተከተልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ፤ «ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ።» ላሚኔሽን ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ።

«ቀርፋፋ ነህ» አሉኝ። «ግን ትደርሳለህ። ከዛሬ ጀምሮ ጠራዥ ነህ። የደንበኛ መጽሐፍ ያበላሸህ ቀን ግን ወደ መናኸሪያህ ትመለሳለህ። ገመዱን አትጣለው።»

አልጣልኩትም። ከበሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። በየቀኑ ስገባም ስወጣም ያየኝ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ በቀበሌው አዳራሽ፣ በጎልማሶች ትምህርት። እናቴ ያሳደገችኝ በኽምጣኛ ነው። አማርኛውን የለቀምኩት ከሹፌሮችና ከረዳቶች ስድብ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ አንዳንድ ቦታ ቢሻክር አንባቢ ይቻለው። ፊደል ከመቁጠሬ በፊት በየቢሮው አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ሲያስነክሩኝ ኖረዋል። ቀለሙን በሱሪዬ ስጠርግ የሚስቁትን ጸሐፊዎች አልረሳሁም። ልረሳቸውም አላሰብኩም።

የጥረዛ ሥራ እንዲህ ነው። ማሽኑ አንዱን ወረቀት ደንበኛው የፈለገውን ያህል ጊዜ ይተፋዋል። ክምሩን በመቁረጫ ለሁለት እከፍላለሁ። ከመቁረጫው የሚወጣ ክምር ተራ የለውም፤ ተራ የማስያዘው እኔ ነኝ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ክምሮቹን ከላይ በሚታየው የገጽ ቁጥር እደረድራለሁ። ከዚያ መዞር ነው። ከእያንዳንዱ ክምር አንድ ቅጠል እያነሳሁ ጠረጴዛውን ስጨርስ አንድ መጽሐፍ እጄ ላይ ይሞላል። ጠርዙን ኳ ኳ አድርጌ አስተካክላለሁ፣ በሞርሳ አስራለሁ፣ ጀርባውን ኮላ እቀባለሁ፣ ሽፋን አለብሳለሁ፣ ሲደርቅ እከረክማለሁ። ክምሩ አንዴ በትክክል ከተቀመጠ የቀረው የእግር ሥራ ነው። አንዴ ከተሳሳተ ደግሞ መጽሐፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሳሳታል።

ያ ዓመት ሰቆጣ በግጥም ያበደችበት ዓመት ነው። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይገጥም ነበር፤ ስልኩ ሲሞላበት ደግሞ ካላሳተምኩ ይላል። አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ለማሳተም አቅም የለም፤ ወይዘሮ ዝማም ግን አሉ። ትራፊክ ፖሊሱ አሳተመ። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ አሳተመች። አንድ የበግ ነጋዴ ከአምደወርቅ በሚኒባስ መጥቶ ግጥሙን በቃሉ እያወረደ አስጻፈ፤ ወይዘሮ ዝማም «ቆይ፣ ድገመው» ባሉት ቁጥር በግ እንዳመለጠበት ሰው ይደነግጥ ነበር።

በየሳምንቱ ምረቃ ነበር። የምረቃው ባነር አንድ ነው፤ የገጣሚውን ስም ብቻ በወረቀት እየሸፈንን እንጽፍበታለን። አንድ ቅዳሜ ንፋስ መጣና ወረቀቱን ገነጠለው፤ የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ንግግር ስታደርግ ከጀርባዋ የትራፊክ ፖሊሱ ስም ብቅ አለ። እሱም ከተቀመጠበት ተነስቶ እጅ ነሳ።

እኔ ስለ ግጥም የነበረኝ አስተያየት አጭር ነበር፤ ወረቀት ማባከን ነው። ግማሽ መስመር ይጽፉና ግማሹን ባዶ ይተዉታል። እህል በረንዳ ላይ እንዲህ የጫነ ሠራተኛ ይባረራል። ግን ጠረጴዛውን ስዞር በአንድ ዙር አንድ መስመር ማንበብ ጀመርኩ። በመቶኛው ዙር ግጥሙ በእግሬ ገብቶ ይገኛል። ከሰሃላ በእግሩ የመጣ አንድ ገበሬ ደግሞ በኽምጣኛ የገጠመውን ይዞ መጣ። እሱን ስጠርዝ ቆሜ ቀረሁ። የእናቴን ቋንቋ ወረቀት ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ኮላው ብሩሹ ላይ ደርቆ ወይዘሮ ዝማም ሰደቡኝ። ስድቡም ጣፈጠኝ።

መምህር ሀብቱ የመጣው በዚህ ግርግር መካከል ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ቀጭን፣ ሲጨንቀው የሸሚዙን ቁልፍ የሚያሽከረክር።

«ጋሽ ሞላ፣ የገጹን ቁጥር ራሴ በግዕዝ ጽፌዋለሁ» አለኝ።

«የፈረንጁ ምን አደረገህ?»

«ግጥም በፈረንጅ ቁጥር አይቆጠርም።»

«ፊዚክሱንስ በምንድን ነው የምትቆጥረው?»

ሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ገጽ አርባ ላይ ያለችውን ይጠንቀቁልኝ» አለ። «የሲስተር ትዕግሥት ናት።»

ትዕግሥት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ሀብቱ እንደሚወዳት የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር እንኳ በከተማው አልነበረም።

እንግዲህ እውነቱ ይህ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ያስተማረኝ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ነው። የግዕዙን ቁጥር አላውቅም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከስንት ዘመን በኋላ ማንበብ ችዬ እንደገና አውራ ጣቴን ልንከር? የደብራችን መሪጌታ ዘንድ ሄጄ እንዳልጠይቅ ደግሞ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

ግድግዳው ላይ ቀን መቁጠሪያ ነበር፤ ከፈረንጁ ጎን የግዕዙን ቁጥር የያዘ። ሁለት ቀን በምሳ ሰዓቴ ፊቱ ቆሜ አጠናሁት። ወይዘሮ ዝማም «የማን ዝክር ደረሰብህ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ከ፩ እስከ ፴ አንድም አልሳትም። ችግሩ ወር ሠላሳ ቀን ነው። መጽሐፉ ስልሳ አራት ገጽ ነው።

ሠላሳን ካወቅሁ እስከ ሠላሳ ዘጠኝ ራሴ ገጣጠምኩ። ከዚያ በላይ ሦስት የማላውቃቸው ቤተሰቦች ቀሩ። አንደኛው ሁለት ቅጠል ብቻ ስለሆነ መጨረሻ ነው አልኩ፤ ልክ ነበርኩ። የቀሩት ፵ና ፶ ናቸው፤ አምስት አምስት ቅጠል። የቱ ይቀድማል? ለዓይኔ ፶ ቀለል ያለ፣ ፵ ወፈር ያለ መሰለኝ። ቁጥር እየጨመረ ሲሄድ መቼም ይወፍራል ብዬ ፶ን አስቀደምኩ።

ወይዘሮ ዝማም መጥተው ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ዞሩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ጥሩ ነው፤ ቀጥል» አሉ።

የተማረ ሰው ካየው በቃ ብዬ ጀመርኩ። ምረቃው ቅዳሜ ነው፤ ለማንበብ ጊዜ አልነበረም። ሦስት መቶ ዙር በሩጫ ዞርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። የክብር እንግዳው የሀብቱ አለቃ፣ ርዕሰ መምህሩ ናቸው። እሳቸው ሲያነቡ እንደ አዋጅ ነው፤ ቃሉን ይጠሩታል እንጂ ነገሩን አይሰሙትም። ሀብቱ ገጽ አርባን ገልጦ ሰጣቸው። ትዕግሥት ፊት ወንበር ላይ አንገቷን ደፍታለች። እኔ መድረኩ ሥር ጥግ ላይ ሚሪንዳዬን ይዤ በኩራት ተቀምጫለሁ። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ብቅ ስትይ ከሩቅ መንደሩ ይበራል፣
አጠገብሽ ሊቆም ማን ሰው ይደፍራል?»

ጭብጨባ ሆነ። ወደ ቀኙ ገጽ ተሻገሩና በዚያው ድምፅ ቀጠሉ።

«ከኋላ አትቁሙ፣ ርግጫዋ ይሰብራል፣
በገብስ ያባበላት ተከዜን ይሻገራል።»

ሊያጨበጭብ የተነሳው እጅ ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ሀብቱ ስለ አባቱ በቅሎ የገጠማት ግጥም ገጽ ሃምሳ ላይ ትጀምራለች፤ ቀጣይዋ ሃምሳ አንድ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ሃምሳ አንድን ከአርባ ቀጥሎ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ትዕግሥት ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ ብትጭንም ትከሻዋ አጋለጣት። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተከተለ። ርዕሰ መምህሩ ግን በቅሎዋን እስከ ጅራቷ አንብበው ጨረሷት።

«ደስ የሚል ቀልድ አለው» አሉ። «በል፣ ለእኔ የተገጠመችውስ?»

ለእሳቸው የተገጠመችው ገጽ ስልሳ ላይ ናት። ከስልሳ ቀጥሎ ምን እንዳስቀመጥኩ ገባኝና ሚሪንዳው በአፍንጫዬ ወጣ። አርባ አንድን ነው። የትዕግሥትን ቀሪ።

«ርዕሰ መምህራችን ሲመጡ በበሩ፣
ሰልፈኛው ጸጥ አለ ከነመምህሩ፤»

ወደ ቀኙ ገጽ ተሻገሩ።

«ጉንጭሽን ልሳመው፣ ነይ በይ ወደ ዳሩ።»

አዳራሹ ፈረሰ። ትራፊክ ፖሊሱ ከወንበሩ ወደቀ። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ ጎኔን! ወይኔ ጎኔን!» እያሉ የማያውቁትን ሰው ጉልበት ይመታሉ። እኔም ከፍርሃቴ ጋር ሳቅ አነቀኝ።

ርዕሰ መምህሩ አልሳቁም። «መምህር ሀብቱ፣ በሕዝብ ፊት ነው የምታላግጥብኝ?»

የሀብቱ ቁልፍ እጁ ላይ ተበጥሶ ቀረ። ከኋላ አንድ የባህል ባለሙያ ተነስቶ «አይደለም! አዲስ ስልት ነው! ግጥምን ከግጥም ማጋጨት!» ብሎ አጨበጨበ።

«ስልት ነው?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «እንግዲያው ስልቱን ሰኞ ቢሮዬ ታስረዳኛለህ።»

ሀብቱ የተበጠሰውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ወይዘሮ ዝማምን አየኋቸው፤ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ገመዴም ሚስማሩ ላይ ይቀራል። ግን በአውራ ጣቴ ሲስቁብኝ ከኖሩት ጋር ተቀምጬ፣ በእኔ ጥፋት ሌላ ሰው ሲዋረድ ማየት አልሆነልኝም።

ተነሳሁ። «ስልት አይደለም! ጠራዡ እኔ ነኝ። የግዕዝ ቁጥር የማውቀው እስከ ሠላሳ ነው። ቀን መቁጠሪያው እዚያ ላይ አለቀብኝ።»

ርዕሰ መምህሩ መጽሐፉን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ቁጥሩን አዩት። ከዚያ ወደ ሀብቱ ጎንበስ አሉ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ፤ «ይቺ... ሃምሳ ናት አርባ?»

እሳቸውም አያውቁትም። እንዳልሰማሁ ልሆን ነበር፤ ግን ራሳቸው ቀና ብለው አዩኝና ሆዳቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። እሳቸው ከሳቁ በኋላ ማን ይቆማል? መሬት ስንመታ ዋልን። የሰኞው ቢሮ እዚያው ተረሳ።

ቢሆንም መጽሐፍ አበላሽቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ገባሁና ገመዴን ከሚስማሩ አወረድኩ።

«ወዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ ዝማም።

«ወደ መናኸሪያዬ።»

«መልሰህ ስቀለው።»

«እትዬ ዝማም፣ ቃልዎ ነው።»

«ጠረጴዛውን ዞሬ ጥሩ ነው ያልኩት እኔ አይደለሁም? መነጽሬን የጠረግሁት ለምን መሰለህ? እኔም ከሠላሳ በላይ አላውቅም። ራሴ በማላውቀው ሰው አላባርርም።» ከዚያ ጮኹብኝ። «ምን ትገተራለህ? መሪጌታን ጥራልኝ!»

መሪጌታ መጥተው ከ፩ እስከ ፻ በሰፊ ወረቀት ጻፉልን። ላሚኔሽን አደረግነውና ጠረጴዛው ላይ ለጠፍነው። እኔና ወይዘሮ ዝማም ጎን ለጎን ቆመን እንደ ተማሪ ጮክ ብለን ቆጠርነው። ሰማንያ ላይ ተጣላን። እኔ ነበርኩ ልክ።

ያልተሸጡትን ፈትቼ እንደገና ጠረዝኳቸው። የገዙት እንዲያስለውጡ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፍን። አንድም ሰው አልመጣም፤ ይባስ ብለው ሌሎች መጥተው «በቅሎዋ ያለችበት የለም?» ይሉን ጀመር። ትዕግሥትም የእሷን አልለወጠችም። ሀብቱ ሽማግሌ ሲልክ እኔም አንዱ ነበርኩ። አባቷ እስከ መጨረሻው አዳመጡን፣ ፊታቸውን አኮሳትረው ቆዩ፣ ከዚያ «ገብስ ይዛችኋል?» አሉ። ልጅቷን ያገኘናት እየሳቅን ነው።

ገመዱ አሁንም ሚስማሩ ላይ ነው። የወረቀት ካርቶን እናስርበታለን።

ለጠራዦች የምለው አንድ ነገር ነው። የሠላሳ ዘጠኝ ጀርባ አርባ ነበር። የአርባ ዘጠኝ ጀርባ ሃምሳ ነበር። የማላውቀው ነገር መልስ እዚያው ቅጠል ላይ ተጽፎ ሦስት መቶ ጊዜ በእጄ አንስቼዋለሁ። ከመደርደራችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ።