ለአባ ዳሌ የለሰለሰ ባሌስትራ

ምንዋጋው መካኒክነት ኮምቦልቻ ተምሮ፣ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ ከሰቆጣ ደሃና እህል ሲያመላልስ የሸበተ ሰው ነው። እንደ አገሩ ሾፌር ሁሉ ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ብረት ደርቦባታል። ስትጫን አትጎብጥም፤ ባዶዋን ስትሄድ ግን እንደ በቅሎ ትዘላለች።

አባቱ ቄስ ገብረ አማኑኤል ዕድሜያቸውን ባገለገሉባት በደሃናዋ ማርያም ደጅ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰቆጣ አምጥቶ ቢያሳክማቸውም ሐኪሙ «እንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ» ብሎ ሸኛቸው። አባ ቤታቸው የሚሉት ደግሞ የልጃቸውን ቤት አልነበረም።

«ሬሳዬን አይደለም የምትወስደው፣ እኔን ነው» አሉት። «ደጇን በዓይኔ ልይ፤ ከዚያ የፈለገው ይሁን።»

አንዴ ሞከረ። ፒካፗ ላይ ፍራሽ አንጥፎ አስተኛቸው። ከከተማው ሳይወጡ፣ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አባ ጮሁ። አባቱ ሲጮሁ ሰምቶ አያውቅም፤ አዙሮ መለሳቸው።

ከዚያ ወዲያ ጭነት አቆመ። መኪናዋን ግቢው ውስጥ በክሪክ አንስቶ ግንድ ላይ አስቀመጣት። ያንን ደንዳና ባሌስትራ ፈትቶ ጣለና ከወልዲያ ባስመጣው ስስ ባሌስትራ ተካው። ለደሃና ቁልቁለት ደግሞ የድሮው ፍሬን አያስተማምንም። የዛጉትን የፍሬን ቱቦዎች አውጥቶ መዳብ ዘረጋ፤ መንኮራኩሮቹ ጋ የተሰነጣጠቁትን የጎማ ቱቦዎችም በአዲስ ለወጠ።

የታሸገ የፍሬን ዘይት ግን ከከተማው ጠፋ። ያገኘው በውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ ነው። አሸተተው፣ በጣቱ አሻሸው፤ ወፈረበት። ጎማ የሚያሳብጠው የሞተር ዘይት የተቀላቀለበት እንዳይሆን ጠረጠረ። ወልዲያ ልኮ እንዳይጠብቅ መንገዱ በማንኛውም ቀን ሊዘጋ ይችላል፤ አባም በየቀኑ እየመነመኑ ነው። ጨመረው።

ከፍሬን ቱቦዎቹ አየሩን ለማስወጣት ሚስቱ ሰገነት መሪው ጋ ተቀመጠች፤ እሱ ከሥር ገባ።

«ርገጪ። ያዥ። አሁን ልቀቂ።»

«ስንት ዓመት በአፌ ያልታዘዝኩህን ዛሬ በእግሬ ታዘዝኩህ» አለች።

«ያዥ አልኩሽ።»

«ይዣለሁ እኮ።»

ፔዳሉ ጠንከር አለ። ምንዋጋው ከሥር ወጥቶ እጁን ሲጠርግ ደስ ብሎት ነበር። «ነገ» አላቸው አባን። አባ ነጠላቸው እንዲታጠብ አዘዙ።

በማግስቱ ከግንዱ አውርዶ፣ አስነስቶ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። እግሩ ፔዳል ላይ የለም፤ ፍሬኑ ግን አራቱንም መንኮራኩር እንደያዘ ነው። ወረደና የዘይቱን ማጠራቀሚያ ክዳን ከፈተ። ከክዳኑ ሥር ያለው ስስ ጎማ አብጦ፣ ተጨማዶ ወጣ። ወደ ቦታው ሊመልሰው ሞከረ፤ አልገባም። ከዚህ በላይ ምርመራ አያስፈልገውም ነበር። ያ ዘይት የነካው ጎማ ሁሉ፣ አዲሶቹ ቱቦዎች ጭምር፣ እንደዚሁ አብጦ ፍሬኑን ነክሶ ይዟል።

አባ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ከተቀመጡበት ያዩታል።

«ምን አለች?»

«እምቢ አለች።»

«ከእኔም ዳሌ ብሳ ገተረች?»

«ዘይቱ አበላሽቷታል፣ አባ። እያወቅሁ ነው የጨመርኩት።»

«ነገስ?»

ምንዋጋው ክዳኑን አገላበጠ። «አልዋሽዎትም። ጎማ የሆነው ሁሉ እንደገና መምጣት አለበት። መቼ እንደሚመጣ አላውቅም።»

«በቃሬዛስ?»

«ማን ይሸከማል? እስከ ደሃና የሚዘልቅ ጎረምሳ ሰፈሩ ውስጥ የት አለ?»

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባሌስትራው ግን ለስልሷል?» ሲሉ ጠየቁ።

«እሱስ ለስልሷል።»

«እንግዲያው መኪናዋ ላይ አውጣኝ።»

ሰገነት በእግራቸው፣ እሱ በብብታቸው ይዘው ፍራሹ ላይ አስተኟቸው። ምንዋጋው ከኋላ ቆሞ መኪናዋን በሁለት እጁ ጫን፣ ለቀቅ አደረጋት። ቀስ ብላ ወረደች፣ ቀስ ብላ ወጣች። አባ አልጮሁም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የት ደረስን?» አሉ።

ምንዋጋው አንዴ ደግሞ ጫን አደረጋት።

«ገና ነን፣ አባ» አለ።