«ለእሷ አድርግላት»

በሰቆጣ ትልቁን ማይክ ከካሜራ ጋር አገናኝቶ የሰውን ድምፅ ጥርት አድርጎ የቀዳ ከእኔ በፊት አልነበረም። ማንም አላስተማረኝም። የማይኩ ገመድ ጫፍ ወፍራም፣ የካሜራው ቀዳዳ ጠባብ ሲሆንብኝ ማገናኛውን ቆርጬ ቀጥዬ ራሴ ሠራሁት።

በቅርቡ ያረፉት ታላቅ ወንድሜ ግን በሙያዬ ተደንቀው አያውቁም። በየሠርጉ ምርቃት ላይ ማይኩን ከፊታቸው ላደርግ ስጠጋ በእጃቸው ገፋ አድርገው ጥግ የተቀመጠች ሴት ያሳዩኛል።

«ለእሷ አድርግላት። እኔንማ አገሩ ሁሉ ሰምቶኛል።»

«አያ፣ ገመዱ እዚያ አይደርስም።»

«ባለሙያ ነኝ ትል የለም? አስደርሰዋ!» ይሉና ሰው ያስቁብኛል። እኔም አስደርሰዋለሁ።

ካረፉ በኋላ አረብ አገር የምትሠራው ልጃቸው ደወለች። ለቅሶውን አልደረሰችም። «አጎቴ፣ የአባዬን ድምፅ ላክልኝ» አለችኝ። የቀዳሁትን ሁሉ ፈተሽኩ። በሰው ፊት ተናግረው የማያውቁ ሴቶች ሁሉ ይናገራሉ። የወንድሜ ድምፅ ግን ያው አንዱ ብቻ ነው፦ «ለእሷ አድርግላት»። እሱኑ ላክሁላት። ጥራቱ እንከን የለውም፤ የእኔ ሥራ ነዋ። እያለቀሰች ደጋግማ እንደሰማችው ነገረችኝ።

በአርባቸው ማይኩን አገናኝቼ ቆምኩ። ይቀመጡበት የነበረው መደብ ባዶ ነው። ሊናገሩ የፈለጉ ሰዎች እጃቸውን ዘረጉልኝ። ባለቤታቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

ገመዱን አስደረስኩት።