ሃያ ሦስት ንጹሕ ድርሰቶች

ወሰንየለሽ የጽሑፍ ስሕተት አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ምግብ ቤት ገብታ የዋጋ ዝርዝሩ ላይ የተሳሳተ ፊደል ካየች ከማዘዟ በፊት ባለቤቱን አስጠርታ ትነግረዋለች። የሠርግ መጥሪያ ሲደርሳት መጀመሪያ የምታወጣው መነጽሯን ነው፣ ቀጥላ ቀይ እስክሪብቶዋን። የካርቱሙ ጀሪፍ ሰፈር ሐበሾች ይህን ጠባይዋን ስለሚያውቁ በተቻላቸው መጠን በጽሑፍ አይገናኟትም፤ ይደውሉላታል።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው ባሏ በፖለቲካ ሲሳደድ ተከትላው መተማን የተሻገረችው። ባሏ እዚሁ ካርቱም ሞተ። ወደ ሦስተኛ አገር ያሻግራል የተባለው ወረቀትም ሳይመጣ ቀረ። እሷ ግን አዲስ አበባ የጀመረችውን የአማርኛ መምህርነት አልተወችም፤ ስደተኞቹ በተከራዩት ባለ ሦስት ክፍል ግቢ ውስጥ፣ ጠዋት በዐረብኛ ሲማሩ የቆዩ ልጆችን ከሰዓት በኋላ አማርኛ ታስጽፋለች። ደመወዟ የሚወራለት አይደለም። ስሟ ግን ይወራለት ነበር፤ «የወሰንየለሽ ተማሪ» ከተባለ ጥርት ያለ አማርኛ ይጽፋል ማለት ነው። ጉድ የሠራትም ይኸው ስም ነው።

የካርቱም ጦርነት ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው አስማእ መጣች። እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ የካርቱም ቡሪ ሰፈር ሱዳናዊ ናቸው። በልጅነቷ እዚሁ ግቢ ተምራለች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትሠራለች። የጥናቷ ጉዳይ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸውና በሁለተኛ ቋንቋ መጻፍን እንዴት እንደሚማሩ ነበር።

«እትዬ፣ ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «ልጆቹ ‹የማልረሳው ቀን› ብለው አንዴ በዐረቢ፣ አንዴ በአማርኛ ይጽፋሉ። ከዛ ስምንት ሳምንት እናስተምራቸዋለን፤ ማቀድ፣ ረቂቅ መጻፍ፣ የጓደኛን ጽሑፍ ማንበብ። ከዛ እንደገና ይጽፋሉ። የፊቱን ከኋለኛው አስተያያለሁ። የዐረቢውን የፊት እኔ አስጽፋለሁ፣ የአማርኛውን እርስዎ። በስ አንድ ነገር ብቻ፣ ዋላሂ አደራ፤ የመጀመሪያውን እንዳይነኩት። ስሕተቱን ነው የምፈልገው።»

«ስሕተቱን?» አለች ወሰንየለሽ። በሕይወቷ ስሕተት የሚፈልግ ሰው ገጥሟት አያውቅም። ቢሆንም እሺ አለች።

ልጆቹ ጽፈው ሲወጡ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። አንዱ ከአባቱ ጋር ወደ ባሕሪ ከተማ ሲሄዱ «ሙዋሰላት ጠፋ፣ አባዬ ዘዐለ» ብሏል፤ መጓጓዣ ጠፍቶ አባቱ መናደዳቸውን መናገሩ ነው። ሌላዋ ገጹን ሙሉ ያለ አንድ አራት ነጥብ ወርዳበታለች። ከሁሉም በላይ ግን የትሁት ወረቀት ነበር። ትሁት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። የጻፈችው ስለ ከሻ፣ ፖሊስ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስለሚያፍስበት ቀን ነው። «ከሻ መጣ እማዬን በቦክሲ ወሰዷት እኔ ከተላጃው ኋላ ሆኜ አየሁ አልወጣሁም አላለቀስኩም» ይላል፤ ቦክሲ የፖሊስ ፒካፕ፣ ተላጃ ፍሪጅ ነው።

ወሰንየለሽ ልቧ ተነካ፤ ይህን አንክድም። ከልቧ በላይ ግን ፊቷ ነደደ። ይህ ወረቀት ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ነው! አማርኛ የሚያውቅ ምሁር አይጠፋም፤ «እነዚህን ማን አስተማራቸው?» ሊል ነው። ደግሞስ የሰው ገመና በጥናት ወረቀት ላይ ምን ይሠራል? እንዲህ እንዲህ እያለች ለራሷ ምክንያት ስትደረድር ቀዩ እስክሪብቶ ወጣ።

በማግስቱ ሃያ ሦስቱም ልጆች የታረመላቸውን ገልብጠው ጻፉ። የትሁት ቀን ዓባይ ዳር የተደረገ የፋሲካ ሽርሽር ሆነ፤ «ነፋሻው አየር ፊታችንን እየዳበሰን» የሚልም ገባበት። ልጅቷ እዚያ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አቁማ ቀና አለች።

«እትዬ፣ እኛ ግን ሽርሽር ሄደን አናውቅም።»

«ድርሰት ነው፤ ጻፊ» አለቻት።

ስምንቱ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውን ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ አስማእ ራሷ አስጽፋ፣ ራሷ ሰብስባ ሄደች። ከዚያ አንድ ረቡዕ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች።

«በዐረቢ አድገዋል፣ ማሻአላህ። በአማርኛ ግን ወርደዋል፤ ሃያ ሦስቱም። የሚያማክረኝ ዶክተርም ገረመው። የት እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ጁምዓ ለኮሚቴው መንገር አለብኝ።»

የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሰይፈሚካኤል የአማርኛ ጽሕፈት ሰዓት ለኮምፒዩተር ትምህርት ቢሰጥ ይሻላል ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ወሬው አስቀድሞ ደርሶታል። ጥናቱ ትምህርቱ አይጠቅምም ካለ ለምን ሰዓት እናባክናለን እያለ ነው አሉ። ወሰንየለሽ ሁሉም ገባት። ልጆቹ አልወረዱም። የመጀመሪያው የእሷ ነበር፣ ሁለተኛው የእነሱ ነው። ይህን ማለት ነበረባት። አፏን ከፍታ ግን «ይገርማል» አለች። ያቺ አንዲት ቃል ከቀዩ እስክሪብቶ ሁሉ ይልቅ አሳፈረቻት።

ፊት ለፊት መናገር ሲያቅታት ለመጻፍ ተቀመጠች። «ለተከበርሽ ልጄ ለአስማእ፤ እንደሚታወቀው…» ብላ ጀመረች። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጥፋቱ የመጻሕፍት እጥረት፣ የወላጆች ቸልተኝነት፣ የስደት ኑሮ ሆኖ አረፈው። አማርኛው እንደ ልቧ ስለሚታዘዝላት ጥፋቷን የምታለብሰው አላጣችም። ደብዳቤው ሲነበብ ያምራል፤ አንድ ስሕተት የለበትም። አነበበችውና ቀደደችው።

ከዚያ በዐረብኛ ሞከረች። ሃያ ስድስት ዓመት በገበያና በመንገድ የተናገረችው ቋንቋ ነው፤ በጽሑፍ ግን ቅጽ ላይ ስሟን ከመሙላት አልፋ አታውቅም። ፊደሎቹ አንዱ ወጥቶ አንዱ ወርዶ አራት መስመር ሆነ፤ «የልጆቹን ወረቀት እኔ ቀየርኩ። እነሱ አልጻፉም። ፈራሁ። ዋሸሁሽ።» ሌላ ልትጨምር ፈለገች፤ ቃል አልነበራትም። እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጽሑፍ ነው የሚመስለው። አርብ ዕለት ያንኑ ይዛ ሄደች።

አስማእ ግቢው በር ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«የኔንም እርስዎ ነበሩ የጻፉት» አለች። «አምስተኛ ክፍል፣ የወላጆች ቀን። ስለ እናቴ። ሰው አጨበጨበ፣ እናቴ አልቅሳ አቀፈችኝ። አንድም ቃል የኔ አልነበረም። ከዛ ወዲህ በአማርኛ ጽፌ አላውቅም፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ወሰንየለሽ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። እዚህ አገር ከገባች ወዲህ እንደዚያ ቀን የኮራችበት የለም።

«ማዓሌሽ፣ ግድ የለም» አለች አስማእ ወረቀቱን እያጠፈች። «ወረቀቶቹ እኔ ጋ ተቀላቀሉ እላለሁ። ስምዎ አይነሳም።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ወሰንየለሽ ደስ አላት። እሺም ሳትል፣ እምቢም ሳትል ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። አስማእ ተነሥታ ወረቀቶቹ በእሷ ጥፋት እንደተቀላቀሉና ውጤቱ እንደማይታመን ተናገረች። ሰይፈሚካኤል ሳያስጨርሳት፦

«ስምንት ሳምንት የልጆቻችንን ጊዜ ወስደሽ? ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩሽ ይህን ነው?» አላት።

አስማእ አቀረቀረች። የምትመልስበት አማርኛ አጥታ «አፍዋን፣ ይቅርታ» እያለች ትደጋግም ጀመር። ወሰንየለሽ ያቺ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ፊት ለፊቷ የቆመች መሰላት፤ አሁንም የእሷን ነገር ተሸክማላታለች። ተነሣች።

«እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አለች። «የመጀመሪያዎቹን ድርሰቶች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የሃያ ሦስቱንም። ልጆቹን አስገልብጬ የእነሱ ናቸው ብዬ ሰጠኋት። ስማችሁ ይጠፋል ብዬ አይደለም፤ ስሜ ይጠፋል ብዬ ነው።»

ሰይፈሚካኤል ወደ አስማእ ዞረና «እንግዲያው ትምህርቱ ይጥቀም አይጥቀም አይታወቅም ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። አስማእ እንደማይታወቅ፣ ሌላ ሰው ይዛ እንደገና እንደምትጀምር ነገረችው። ሰዓቱ እስከዚያው ይቆይ ተባለ። ወሰንየለሽ የፈለገችው ይህንን ነበር፤ ቁጭ ልትል ስትል፣ ያኔ ከሻ ወስዶ የለቀቃት የትሁት እናት ዝናሽ እጇን አወጣች።

«የትሁትንም ነው?»

«የእሷንም።»

«የዓባዩን አገር ቤት ላለው ወንድሜ በዋትሳፕ ልኬለት ነበር» አለች ዝናሽ። «ሽርሽር መቼ ሄደን ነው እያልኩ ራሴ ላኩት። እዚያ ቤት ሁሉም ተቀባብሎ አነበበው። ተመስገን፣ ደልቷቸዋል አሉ።» ከዚያ ወደ ወሰንየለሽ ዞረች። «የእሷስ ታዲያ? ልጄ የጻፈችው የታለ?»

ወሰንየለሽ ሳትቀመጥ ቀረች።

«ቀድጄ ጣልኩት» አለች።

ዝናሽ ሻርፗን አስተካክላ፣ የጠፋውን ከልጇ አፍ ልትሰማ ወደ በሩ ዞር አለች። ልጆቹ ውጭ ይጫወቱ ነበር።